ማሠሪያው የት አለ?

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የመንዝ ገበሬ «ዳዊት ጎልያድን ገደለ» ይላል፤ ገዳዩ ማን፣ ሟቹ ማን እንደሆነ ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነው መግደሉ የሚመጣው። ሰሚውም እስከዚያ ድረስ ጆሮውን ሰጥቶ ይጠብቃል። ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል፣ ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ ይኸው ነው። ታዲያ በዚህ አማርኛ ያደገ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቅኔ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው አረፍተ ነገር የተገለበጠ ነው፤ «ቀተለ ዳዊት ጎልያድሃ»። ግሱ ፊት ቆሟል። ሟቹ ጎልያድ መሆኑን የምትነግረው ደግሞ በስሙ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው «ሃ» ብቻ ናት።

እኛ የዚያው ደጋ ልጆች ነን። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን የምንማረው ግን ግዕዝ ሳይሆን የስክሪፕት ቋንቋ የሚሉትን ነው፤ ማለትም ለኮምፒዩተር በየመስመሩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን፣ ተርጓሚ የሚባለው ፕሮግራም እያነበበ የሚፈጽመውን ቋንቋ። ስሙ ፓይተን ነው። (ዘንዶውን እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ የተወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከተባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች ነው።) ይህም ቋንቋ በበኩሉ አረፍተ ነገር ይገለብጣል። ቅንፉ፣ ነጥቡ፣ የእኩልነት ምልክቱ ሁሉ በሂሳብ ክፍል ከምናውቀው ሌላ ሥራ ይዞ ብቅ ይላል። ከእኛ ጋር ከደጋው ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ኮምፒዩተርን በሩቁ ካልሆነ በቀር ያላዩ ልጆች ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ይህ ነገር ለእኛ አልተፈጠረም» እያሉ ክፍል ቀየሩ። ሰነፎች አልነበሩም፤ እንዲያውም በሂሳብ የሚበልጡን ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን ይህች «ለእኛ አልተፈጠረም» የምትባል ንግግር ናት። ታሪኩን ስናገላብጠው ነገሩ ሌላ ሆኖ ነው ያገኘነው። የማያውቁትን የአረፍተ ነገር ሥርዓት መፍታት፣ ብልቱን መለየት፣ ለእያንዳንዱም ብልት ስም አውጥቶ ማስተማር በአገራችን የቆየ ሙያ ነው።

ወሬው ራሱ አዲስ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በእኛው አቆጣጠር) መንዝ ድረስ ወጥቶ የገበሬውን አኗኗር አጠና፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመውን መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ መጽሐፍ ክርክሮች አንዱ እኛን ይነካል። በአማራው ባህል ንግግር ሁለት ፊት አለው፣ ላዩ ሰም ውስጡ ወርቅ ነው፤ ዘመናዊ አሠራር ግን የማያሻማ ቋንቋ ይፈልጋልና ሁለቱ ይጋጫሉ የሚል ነው። ሌቪን የአሻሚነትን በጎ ጎን አልካደም። በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሌላ መጽሐፉማ ነገሩን ገልብጦ ምዕራባውያኑ ከአሻሚ ንግግር በመሸሻቸው ያጡትን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በሰው አፍ የሚዘዋወረው ፊተኛው ነው፤ ቅኔ የለመደ ሕዝብ ከማሽን ጋር አይግባባም ይሉናል። ከማሽን ሁሉ ደግሞ አሻሚ ነገር አጥብቆ የሚጠላው ኮምፒዩተር ነው።

በእኛ አስተያየት ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩት ወርቁ የሚወጣበትን ቤት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው ግስ የሚያወርድበት ደጅ አለ፤ እሱን ያለፉት ይመስለናል።

«ሰዋስው» በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል የቋንቋ ትምህርት ስም የሆነበት ምክንያት አለው። በመካከለኛው ዘመን የግብጽ ክርስቲያኖች ቅብጥኛ ከአፋቸው እየጠፋ ዐረብኛ ሲተካው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ቋንቋ ለልጆቻቸው ለማቆየት የቃላትና የሰዋስው መጻሕፍት ጻፉ፤ «ሱለም» አሏቸው፤ ይህም በዐረብኛ ያው መሰላል ነው። በ1324 እ.ኤ.አ. የሞተው አቡል በረካት ኢብን ከበር ያዘጋጀው «ታላቁ መሰላል» ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው። የእኛ ሰዋስውም ስሙን ከዚያ ወገን እንዳገኘ ምሁራን ይናገራሉ። ችግሩም አንድ ዓይነት ነበር፤ ግዕዝ ከዕለት መነጋገሪያነት ከወጣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውታል፤ መጻሕፍቱ ግን በግዕዝ ናቸው። ስለዚህ ሰዋስው የሚባሉት የብራና ጽሑፎች የግዕዙን ቃል አስቀምጠው ፍቺውን በአማርኛ ይሰጣሉ። ከጥንታዊ የአማርኛ ጽሑፎች መካከል የሚቆጠሩት እነዚሁ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። አማርኛ ወደ ብራና ከገባባቸው በሮች አንዱ የሌላ ቋንቋን አሠራር የማስረዳት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ይህ በቃልና በብራና የኖረ ትምህርት ኋላ ወደ ማተሚያ ቤት ደርሷል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን ሥራ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩበት ኖረው በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰውት በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ ታተመ። አንድ ሥራ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከተማሪም ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ሦስት ትውልድ ፈጀ። መጽሐፉ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛልና ያላያችሁት ብታዩት አትቈጩም። የመጀመሪያው ክፍል የግዕዝን ሰዋስው በአማርኛ ነው የሚያስረዳው፤ ባዕድ ቋንቋ በሌላ ባዕድ ቋንቋ አይብራራም።

አሁን ወደ ቅኔ ቤቱ እንግባ። የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ልጅ በአቅራቢያው መምህር ካገኘ እዚያው፣ ካላገኘ ወደ ዋድላ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ ትርጉሙን አያውቀውም። ይህን «በቀቀንነት» እያሉ የሚያጣጥሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አናልፈውም፤ ምክንያቱም ተማሪው ንባብ ሲማር ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ነው። ተነሽ ሆነው የሚነበቡት አብዛኛውን ጊዜ ግሶች ናቸው። ስለዚህ የአንድም ቃል ትርጉም ሳያውቅ ጆሮው የቃሉን ወገን መለየት ይጀምራል። ዛሬ የምንጽፍበት የኮምፒዩተር ገበታ ቁልፍ ቃሉን በሰማያዊ፣ ጽሑፉን በአረንጓዴ እየቀባ እንደሚለይልን ሁሉ ንባብ ቤቱ በድምፅ ይቀባዋል።

ቀጥሎ ግስ ይወርዳል። «ቀተለ ገደለ፤ ይቀትል ይገድላል፤ ይቅትል ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል ይግደል»። አስተውሉ! ሦስተኛውና አራተኛው «ይቅትል» በመልክ አንድ ናቸው፤ በሥራ ግን አንዱ ዘንድ አንዱ ትእዛዝ ነው። ግሶቹም ሜዳ ላይ አልተበተኑም፤ ስምንት አርእስት አሏቸው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። እያንዳንዱ አርእስት ቤት ነው። ተማሪው አይቶት የማያውቀው ግስ ሲመጣበት «ይህ የማን ቤት ነው?» ይላል፤ ቤቱን ካወቀ ርባታውን ማንም ሳይነግረው ያወርደዋል። ሺህ ነገር ከመሸምደድ ስምንት ቤት ማወቅ ይቀላል። ይህ ነው እንግዲህ ለማሽን አይሆንም የተባለው አእምሮ!

ከዚያ አገባብ አለ፤ ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ እየተባለ ይከፈላል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ዐቢዩ ነው። ዐቢይ አገባብ በግስ ላይ ሲወድቅ ግሱን ማሠሪያነቱን ያስለቅቀዋል። «መጽአ» ብቻውን «መጣ» ነው፤ አረፍተ ነገሩ ታስሯል፣ ሰሚ ሊሄድ ይችላል። «ለእመ መጽአ» ካልን ግን «ቢመጣ» ሆነ፤ አልታሰረም። ቢመጣ ምን? ሌላ ግስ መጥቶ እስኪያስረው ድረስ ነገሩ በአየር ላይ ነው። ተማሪው ሌሊት ከደጀ ሰላም ጥግ ተጠቅልሎ ቅኔ ሲቆጥር አድሮ ጠዋት ለመምህሩ ሲያቀርብ፣ ቃሉ ቢያምር ምሥጢሩ ቢጥም እንኳ ግሶቹ ሁሉ አገባብ ወድቆባቸው ከቀሩ መምህሩ «ማሠሪያው የት አለ?» ይሉታል። ያልታሰረ ቅኔ ቅኔ አይባልም።

አሁን ስለ አሻሚነቱ። እነዚህን ሦስት ቃላት እንውሰድ፤ «ሐነጸ ቤተ ንጉሥ»። «ሐነጸ» ሠራ ነው። «ቤት» በሳድስ የሚያልቀውን ስም ወደ ግዕዝ ለውጠን «ቤተ» ስንለው ሁለት ሥራ ሊኖረው ይችላል። አንደኛ፣ ተሳቢ መሆኑን ያሳያል፤ እንዲህ ከሆነ ንጉሥ ባለቤት ነውና «ንጉሥ ቤት ሠራ» ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዘርፍ ያያይዛል፤ «ቤተ ንጉሥ» የንጉሥ ቤት ነውና «የንጉሥን ቤት ሠራ» ይሆናል፤ ሠሪው ሌላ ሰው ነው፣ ምናልባትም ደመወዙን ያላገኘ አናጺ። በአንዲት ፊደል ለውጥ ንጉሡ ከሠሪነት ወደ ባለርስትነት ተዛወረ። ይህን ለማያውቅ ሰው አረፍተ ነገሩ ድንግዝግዝ ነው። ለቅኔ ተማሪ ግን ጥርት ያሉ ሁለት መንገዶች ናቸው፤ በየትኛው እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ ሌላውን ለምን እንደተወ በአደባባይ ማስረዳት አለበት። ሰምና ወርቅ የሚሠራውም እንዲህ ያለ ሰው ብቻ ነው። አንዱን መንገድ በትክክል መሄድ የማይችል ሰው ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይሄድባቸውም። ስለዚህ ለሌቪን ክርክር መልሳችን እዚህ ላይ ነው፤ አሻሚነት የቅኔ ቤት ፍሬ ቢሆንም የዕለት ሥራው ግን ማሻማትን መፍታት ነበር።

ይህን ስንል ያንን ቤት ገነት ማድረጋችን አይደለም። ዱላ ነበረበት፣ ረኀብ ነበረበት፣ ስንቱ ልጅ በመንገድ ቀርቷል። የእኛን እኅቶች በሩ ላይ ነው ያስቀራቸው፤ እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አጥብቀን የምንይዘው ዘዴውን ነው።

ዘዴውን ይዘን ወደ ፓይተን እንመለስ። ቋንቋውን ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ ሆላንዳዊ በአምስተርዳም በ1989 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ አወጣው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤

ፕሪንት(ስም)

ግሱ ፊት፣ ተሳቢው በቅንፍ ውስጥ። ይህማ ግዕዝ ነው፤ ቀተለ ዳዊት ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ግን ሁለት ገጽ ሳንሄድ እንዲህ ያለ ይመጣል፤

መዝገብ.አፔንድ(በግ)

አሁን ደግሞ ስሙ ፊት ሆነ፣ ግሱ ከነጥብ በኋላ ተከተለ፣ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ቀረ። ብዙ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ነው፤ አንዱ ቋንቋ ሁለት ሥርዓት ይዞ መጣ። ነገሩን በብልት ከፍለን ብናየው ግን ማስፈራቱ ይቀራል። «አፔንድ» ግስ ነው፤ ጨምር ማለት ነው። «በግ» ተሳቢው ነው። ከነጥቡ በፊት ያለው «መዝገብ» ደግሞ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ነው። «መዝገቡ ላይ በጉን ጨምር» ብለን በአማርኛ ብናስረው ሦስቱም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

የእኩልነት ምልክቱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። «ዋጋ = ዋጋ + 50» የሚል መስመር በሂሳብ ክፍል ቢጻፍ ሐሰት ነው፤ ምንም ቁጥር ለራሱና ለ50 ድምር እኩል አይሆንም። እዚህ ግን ምልክቱ እኩልነትን አይናገርም፤ ግስ ነው፤ «ብለህ ጥራው» ማለት ነው። ተርጓሚው መጀመሪያ ቀኝ በኩል ያለውን ይሠራል፣ ውጤቱን ኋላ በግራ ካለው ስም ጋር ያስራል። በአማርኛ «ዋጋ ላይ 50 ጨምረህ፣ ያንን መልሰህ ዋጋ በለው» ቢባል ምንም አይጎረብጥም። ማሠሪያው መጨረሻ ላይ ነው፤ እንደ እናታችን ቋንቋ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው እኮ እዚህ ላይ ከእኛ አይሻልም፤ እሱም ይቸገራል። እኩል መሆኑን ለመጠየቅ ሲፈለግ ደግሞ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ «ዋጋ == 1200» ማለት «ዋጋው 1200 ነውን?» ማለት ነው። ግዕዝ ቃሉ ጫፍ ላይ «ኑ» ጨምሮ እንደሚጠይቀው ያለ ነገር ነው።

ቀጥሎ፤

ኢፍ ዋጋ > 1000:

«ኢፍ» ያው «ለእመ» ነው፤ ዐቢይ አገባብ። በነገሩ ላይ ወድቆ ማሠሪያነቱን አስለቀቀው። «ዋጋው ከ1000 ቢበልጥ» አልን፤ ቢበልጥ ምን? በመስመሩ ጫፍ ያሉት ሁለት ነጥቦች የሚሉት ይህንኑ ነው። በብራና ላይ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤ እዚህ ግን «ገና አልታሰረም፣ ቀጥል» ማለት ነው። ማሠሪያው በሚቀጥለው መስመር ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጻፋል፤ የተለመደው አራት ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ ሰዋስው የሆነበት ቋንቋ ለእኛ እንግዳ ነበር። ቫን ሮሱም ይህን ያገኘው ቀድሞ ከሠራበት ኤቢሲ ከሚባል ቋንቋ ነው። የሚገባው መስመር ከሌለ ተርጓሚው ቆሞ ይጮኻል። የሚጮኸው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ትሕትና ሲቀነስለት ያው የመምህሩ ጥያቄ ነው።

በጣም የገረመን ግን «ፎር» ነው። «ፎር በግ ኢን በጎች:» የሚለውን መስመር የክፍላችን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ግማሽ ገጽ ያብራራዋል። አማርኛ ግን ይህን በሁለት ፊደል ይጨርሰዋል፤ «በየ»። በየበጉ ዋጋውን ጻፍ፤ በየቤቱ ግባ፤ በየገበያው ጠይቅ። ግዕዙም «በበ» ይላል። አያቶቻችን በየሳምንቱ ገበያ ሲወጡ ይህን መዞር ሲናገሩት ኖረዋል፤ ለእኛ አልተፈጠረም ያሉት ጓደኞቻችን «በየ»ን ሳያውቁ ያለፉበት ቀን የለም።

ስሕተት ሲገኝ ስለሚወጣው መልእክት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የቀድሞው ተርጓሚ ቅንፍ ሳይዘጋ ከቀረ «ሲንታክስ ኤረር» ብሎ የሚጠቁመው ብዙ ጊዜ ቅንፉ የተከፈተበትን ሳይሆን ራሱ ግራ የተጋባበትን ቀጣይ መስመር ነበር። ተማሪው ደኅናውን መስመር ሲያገላብጥ ይመሻል። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3.10 ወዲህ ይህ ቅንፍ አልተዘጋም ብሎ ቦታውን ይነግራል። እንግዲህ ሠሪዎቹም እያደር እንደ መምህር መናገርን እየተማሩ ነው።

ከላይ «ዋጋ»፣ «መዝገብ»፣ «በግ» እያልን የጻፍነውን ለማስረጃ ያህል ብቻ እንዳታደርጉት። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትም ውስጥ ገብቷል፤ በታኅሣሥ ወር 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ፓይተን ደግሞ ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት የተጻፉ ስሞችን ይቀበላል። ስለዚህ ነገሮቻችንን በፊደላችን እንሰይማለን። «በግ፩» የሚል ስም እንኳ ያልፋል። ነገር ግን «፩ + ፩» ብትሉት አይደምርም፤ በስም ጅራት ሲሆን ያስገባዋል፣ ቁጥር ነኝ ሲል በሩን ይዘጋበታል። «ኢፍ»፣ «ፎር» እና ወንድሞቻቸውም ላቲን እንደሆኑ ናቸው።

የፊደልና የስክሪፕት ነገር ከተነሣ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። ፐርል የሚባለውን የስክሪፕት ቋንቋ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ላሪ ዎል በትምህርቱ የቋንቋ ሰው ነው። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ያልተጻፈ ቋንቋ ፈልጎ፣ ምናልባትም በአፍሪካ፣ ፊደል ሊያወጣለት ነበር ዕቅዱ፤ በጤና ምክንያት ቀረ። የኮምፒዩተር ቋንቋ ሲሠራ ግን ያንን ትምህርት አልጣለውም፤ በፐርል ውስጥ እንደ «እሱ» ያለ፣ ሳይጻፍ የሚታወቅ ተውላጠ ስም አለ። ፊደል ሊያወጣ የነበረው ሰው ቋንቋ ሠራ፤ ፊደል ያላቸው ሰዎች ደግሞ ወደ ቋንቋው መጡ። ዩኒኮድ ውስጥ ፊደላችን እንዲገባ ከደከሙት አንዱ የሆነው ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ባዘጋጃቸው ጥቅሎች ውስጥ የፊደል ገበታውን ሥርዓት አስገብቷል። በአንደኛው ጥቅል «ካዕብ የሆነውን ፊደል ሁሉ ፈልግ»፣ «የመ ቤተሰብ የሆነውን ሁሉ ፈልግ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ በብርድ ጧት ከቄስ እግር ሥር የተቆጠረው ስም ለማሽን ትእዛዝ ሆነ። ያንን ሥርዓት ለማሽን ለማስረዳት አዲስ መፈልሰፍ አላስፈለገም፤ ቀድሞውኑ ሥርዓት ነበርና።

ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የጥንቱ ተማሪ ባዕዱን አረፍተ ነገር ሲፈታ መፍቻ መሣሪያው በአማርኛ ነበር፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ፣ ማሠሪያ፣ አገባብ። እነዚህ ቃላት እንዲያውም ከቅኔ ቤት ወጥተው ወደ እኛ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ገብተዋል፤ ሁላችንም በአራተኛ ክፍል ተፈትነንባቸዋል። እኛ ግን ፓይተንን የምንማረው ፍቺውን በሌላ ባዕድ ቋንቋ እየተቀበልን ነው። ልጁ ያልገባው ኢፍ ይሁን ስለ ኢፍ የተነገረው እንግሊዝኛ ይሁን ማንም አይለይለትም። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው መሥሪያ ቤት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ አዘጋጅቶ በመዝገበ ቃላት አውጥቷል፤ የሚያስመሰግን ድካም ነው። ችግሩ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቁጭ ብሎ አይኖርም፤ በክርክር ካልዋለ ይደርቃል። የቅኔ ቤቱ ቃላት የኖሩት በየጠዋቱ ስለተጣሉባቸው ነው።

«ዓለም ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ አዲስ ቃል ማውጣት ጊዜ ማጥፋት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ሥራ ስንይዝ «ዐቢይ አገባብ» ብለን ለባዕድ አሠሪ አንናገርም። እኛም ኢፍን ከገበታ ላይ እናጥፋው አላልንም። ቀተለም እኮ ቀተለ ሆኖ ነው የቀረው፤ ማንም ገደለ ወደሚል አልለወጠውም። አማርኛው የገባው በመፍቻው ላይ ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ አብረን ስናጠና ልማድ አወጣን። አንዱ መስመሩን ያነባል፣ ሌላው ብልቱን ይጠራል። ፈንክሽኑን ግስ፣ በቅንፍ ውስጥ የሚገባውን ተሳቢ፣ ኢፍንና ዋይልን ዐቢይ አገባብ እንላለን። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው ወደ ውስጥ ገብቶ በሚጻፈው ክፍል ስም ላይ ነው። ከመንዝ የመጡት፣ ከላይኛው መስመር ላይ ስለተንጠለጠለ «ዘርፍ» ይባል ይላሉ። ከግሼ የመጣው ጓደኛችን ዘርፍ የራሱ ሥራ አለውና ሰዋስው ታበላሻላችሁ ብሎ ይቆጣል። የመርሐቤቴዎቹ ከዋናው ቤት በስተ ጀርባ ያለች ክፍል ናትና «ጓዳ» እንበላት ይላሉ፤ ጓዳ ውስጥ ሌላ ጓዳ ሲመጣ ግን ምን እንደሚሉ ገና አልነገሩንም።